የመንገደኛው ጓዝ፦ ለጉርድ ፎቶግራፍና ለጉዞ የሚሆኑ ሌንሶችና የፍላሽ መብራት አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



የመሐንዲስ ሙያ በባሕርዩ ሰውን መንገደኛ የሚያደርግ ሙያ ነው። መንገድ ከመቀየሱ አስቀድሞ ሸለቆውን በእግር መውረድ፣ ድልድይ ከመነደፉ አስቀድሞ የወንዙን ሁለት ዳር መርገጥ፣ የውሃ ጉድጓድ ከመቆፈሩ አስቀድሞ ከመንደሩ ሽማግሎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ግድ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ መሐንዲሶች ከመለኪያ መሣሪያቸው ጎን ካሜራ ይዘው ይወጣሉ። ካሜራው በመጀመሪያ የሚታሰበው ለሥራ ነው፤ ይኸውም የአፈሩን ንብርብር፣ የተሰነጠቀውን ግንብ፣ ጎርፍ የጠረገውን መሻገሪያ ለመመዝገብ ነው። ዳሩ ግን ሥራው ሁለትና ሦስት ቀን እንዳለፈው ከሌንሱ ፊት የሚቆመው ሰው ይሆናል። መንገድ የመራው ገበሬ፣ በቅሎውን ያከራየው ባላገር፣ ውሃ ያቀበለችው ልጅ፣ ሁሉም በየተራው «እስቲ እኔንም አንሣኝ» ይላል።

በወሎ ደጋ ለገጠር መንገድ ጥናት ተሰማርቶ በነበረ አንድ መሐንዲስ ላይ የደረሰው ነገር ለዛሬው ንግግር መነሻ ሆኗል። ይህ ሰው ፎቶግራፍ ማንሣትን ከልቡ የሚወድ፣ ከደመወዙም እየቈጠበ መሣሪያ የገዛ ሰው ነው። ለዚያ ጉዞ ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ አንድ ትልቅ ፍላሽና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይዞ ወጣ፤ ቦርሳው ወደ 9 ኪሎ ይመዝን ነበር። በቅሎዋ የቅየሳውን መሣሪያ ስለተሸከመች ለፎቶግራፉ ቦርሳ ሌላ ተሸካሚ መቅጠር ግድ ሆነ። ሦስት ሌሊት ያሳደሩት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በመሰነባበቻው ጧት ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፀሐይዋን ወደ ኋላቸው አድርገው፣ ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ለልጆቼ የሚቀር አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ አንሣኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም አንሥቶኝ አያውቅም» አሉት። እርሱም «እሺ እማማ፣ አሁኑኑ» አለ።

ከቦርሳው ትልቁን ሌንስ መረጠ። ያንን ለመግጠም ሌላውን መፍታት፣ ከዚያም ሌንሱ ለሚጠይቀው ርቀት ሲባል እስከ አጥሩ ድረስ ወደ ኋላ መሸሽ አስፈለገው። ፍላሹን ሲከፍት የባትሪ ድንጋዩ በሳምንቱ ሥራ አልቋል። ጓደኞቹ ከታች «ቶሎ በል፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንውጣ» እያሉ ይጣራሉ። ሁለት ጊዜ ተጫነና ተሰናብቶ ሄደ። አዲስ አበባ ገብቶ ምስሉን ሲከፍተው የነጠላው ጥለት ክር በክር ይቈጠራል፤ ፊታቸው ግን ዓይን የሌለው ጥቁር ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ምስሉ ተጨምቆ በጄፔግ ብቻ ስለተቀመጠ ጥላውን ለማፍካት ሲሞክር ፊቱ ከግራጫ ነጠብጣብ አላለፈም። «በሚመጣው በጋ ስመለስ ደግሜ አነሣቸዋለሁ» ብሎ ተወው። በዓመቱ ሲመለስ ቤተ ሰቡ የእኚሁን እናት የሙት ዓመት ተዝካር ሲያሰናዳ ደረሰ። ታላቅ ልጃቸው ገና ከሩቅ እንዳየው «ወንድሜ፣ የእናቴን ፎቶግራፍ ይዘህልን መጣህ?» ብሎ ጠየቀው። እናቲቱ ከዚያ በቀር የተነሡት ምንም ፎቶግራፍ አልነበረም።

እንግዲህ ስለ ሌንስና ስለ ፍላሽ አመራረጥ ሲነገር የሚመዘነው ነገር ይህን የመሰለ ነው። በዚያች ጧት ከ9 ኪሎው ውስጥ ጠቃሚ የነበረው ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ የቀረው ሰውየውን አዘገየው።

የፎቶግራፍ መሣሪያን ማቅለል የሰነፍ ሰው ጥያቄ ነው የሚሉ አሉ። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው የ24 በ36 ሚሊ ሜትር ምስል መጠን የተስፋፋው በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ ይሠራ በነበረው በኦስካር ባርናክ ምክንያት ነው። ባርናክ የአስም ሕመም ነበረበት፤ በሽርሽር ጊዜ የመስተዋት ሳህን የሚጐርሰውን ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ኮረብታ መውጣት አቃተው። ስለዚህም ለሲኒማ የሚሠራውን ፊልም የምትጠቀም፣ በኪስ የምትገባ ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ሠራ፤ ይህችው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይካ በሚል ስም ለሕዝብ ቀረበች። ትንሽ ፊልም አንሥቶ በኋላ ትልቅ ምስል ማተም የሚለው የባርናክ ሐሳብ ከአንድ ሰው ትንፋሽ ማጠር የተወለደ ነው። በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የወጣ ሰው ሁሉ የባርናክን ችግር በራሱ ሳንባ ያውቀዋል።

ወደ ሌንሱ እንግባ። በብዙዎች ዘንድ የሚነገረው «ረጅም ሌንስ ፊትን ያሳምራል፤ አጭር ሌንስ ያበላሻል» የሚል ነው። በእውነቱ የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ሌንሱ ሳይሆን በካሜራውና በሰውየው መካከል ያለው ርቀት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ሰው አፍንጫ ከጆሮው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይቀድማል እንበል። ካሜራው በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን አፍንጫው በ50፣ ጆሮው በ62 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚሆኑ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር በ24 በመቶ ገዝፎ ይታያል። ካሜራው ወደ 2 ሜትር ሲርቅ ግን ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲጫወት ከሚተያይበት ርቀት ብዙ አይለይም። ስለዚህ ርቀቱ አስቀድሞ ይመረጣል፤ ሌንሱም ከርቀቱ ይከተላል።

በ2 ሜትር ርቀት ላይ 85 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ በቁም በተያዘ ካሜራ ከላይ እስከ ታች 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይሸፍናል። ይህ ከራስ እስከ ደረት በታች ማለት ነው፤ በትክክል አገራችን ጉርድ ፎቶግራፍ የሚለው ነው። ያንኑ ምስል በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለማግኘት እስከ 83 ሴንቲ ሜትር መቅረብ ያስፈልጋል፤ በ200 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 4.7 ሜትር መራቅ የግድ ነው። የወሎው መሐንዲስ እስከ አጥሩ የሸሸው በዚህ ምክንያት ነበር። ከዚያ ርቀት የእናቲቱን ፊት ወደ ብርሃን በአንዲት ቃል ማዞር አይቻልም፤ መጮኽ ይጠይቃል። አነስተኛ ሴንሰር ባለው፣ ማለትም ምስሉ በ1.5 እጥፍ በሚጠብብበት ካሜራ ለሚሠሩ አባላት 56 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ85ን ሥራ ይሠራል፤ በየሱቁ የሚገኘው ርካሹ 50 ሚሊ ሜትርም እንደ 75 ሆኖ በሚገባ ያገለግላል።

ዛሬ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ያለው የእጅ ስልክስ? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ስሌት ይገኛል። የስልክ ዋናው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን ነው። ያንኑ ጉርድ ምስል ለማግኘት ከ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ይነሣበታል፤ ስለዚህም አፍንጫ ያገዝፋል። ሁለት ሜትር ርቆ አንሥቶ በኋላ ዙሪያውን መቍረጥ ከሁሉ ይሻላል። ለመስክ መዝገብ ስልክ ይበቃል፤ ለሥራ ፎቶግራፍ ብቻ ሌላ ካሜራ መሸከም ዛሬ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የክብደትና የብርሃን ድርድር ነው፤ መሐንዲስም በዚህ ድርድር ሊሸነፍ አይገባውም። የካኖን 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 425 ግራም ይመዝናል። የዚሁ ድርጅት 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.2 ደግሞ 1,025 ግራም ነው። የሚጨምረው ብርሃን 2.25 እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ክብደት 2.4 እጥፍ፣ ዋጋው ደግሞ ከዚህ ሁሉ እጅግ የበለጠ ነው። በተጨማሪም በ2 ሜትር ርቀት ላይ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ጥልቀት ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። በኤፍ 1.2 ይህ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አንደኛው ዓይን ጠርቶ ሁለተኛው ሊደበዝዝ ነው። ለዚህ ስድስት መቶ ግራም መጨመር ምክንያቱ አይታይም። የኒኮን 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጂ 350 ግራም፣ የሶኒው 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ 371 ግራም መሆናቸውን ለያዙት ካሜራ ዓይነት ማስታወስ ይጠቅማል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ የሚመኙት ባለ ኤፍ 2.8 የ70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን በብዙ ሥሪቶቹ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ለስታዲየምና ለሠርግ ድንቅ መሣሪያ ነው። ለበቅሎ መንገድ ከቤት ይቅር።

ታዲያ ከ85ቱ ጋር የሚሄደው ሁለተኛ ሌንስ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ሰዎች አይስማሙም። ገሚሱ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 1.8 ይመርጣል፤ ገሚሱ ከ24 እስከ 70 ወይም እስከ 105 የሚለጠጥ ባለ ኤፍ 4 ሌንስ ይመርጣል። ለመንገደኛ መሐንዲስ ሁለተኛው ይሻላል። በአቧራ መካከል ሌንስ መፍታትና መግጠም በራሱ ጉዳት ነው፤ ከገደል አፋፍ ላይ ደግሞ በእግር ወደ ፊት ተራምዶ ምስልን ማስተካከል አይቻልም። የኒኮን ዜድ 24–70 ኤፍ 4 ሌንስ 500 ግራም፣ የካኖን 24–105 ኤፍ 4 የ2005 ሥሪት (እ.ኤ.አ.) ደግሞ 670 ግራም ነው። ይህ ለአገር ገጽታ፣ ለሥራ መዝገብና ለገበያ ያገለግላል። ፊት ሲመጣ ግን 85ቱ ይገባል፤ ብርሃን ሲያንስም እንዲሁ።

ብርሃን ሲያንስ የሚሆነውን በቁጥር ማየት ጥሩ ነው። በላሊበላ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት፣ መስኮታቸው ጠባብ፣ ውስጣቸው ጨለምለም ያለ ነው። ከመስኮት ራቅ ባለ ጥግ የብርሃኑ መጠን በፎቶግራፍ አንሺዎች መለኪያ 4 ያህል ነው ቢባል፣ በአይ ኤስ ኦ 3200 ላይ ኤፍ 1.8 ሌንስ የሰከንድ 160ኛ ፍጥነት ይሰጣል፤ በዚህ ፍጥነት መቋሚያ ይዘው የቆሙ ካህን ጥርት ብለው ይነሣሉ። በኤፍ 4 ወደ 30ኛ፣ ከካሜራ ጋር በነጻ በሚሰጠው ባለ ኤፍ 5.6 ሌንስ ደግሞ ወደ 15ኛ ይወርዳል። ሌንስ የሚያረጋጋ መሣሪያ የእጅን መንቀጥቀጥ ያስታግሳል፤ የሚንቀሳቀስን ሰው ግን አያስቆምም። በእንዲህ ያለ ቦታ ፍላሽ መጠቀም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ጸሎት ላይ ባለ ሰው ፊት ብልጭ ማድረግ ነውር ነው። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ መልሱ የሌንሱ ሰፊ ቀዳዳ ነው፤ ፍላሹ በቦርሳው ይቆይ።

አሁን ወደ ነጠላው ጉዳይ እንመለስ፤ የአገራችን የጉርድ ፎቶግራፍ ዋና ችግር ያለው በእርሱ ነውና። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ጥጥ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰውን ይመልሳል። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሲነሣ የምስሉን ሰፊ ቦታ የሚይዘው ጋቢው ስለሆነ መለኪያው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቱም ይጠቍራል። በተቃራኒው ፊት ብቻ ምስሉን ሲሞላ መለኪያው ብርሃን ይጨምርና ጠይሙ ፊት ያለ ተፈጥሮው ነጥቶ፣ አመድ መስሎ ይወጣል። በፊልም ዘመን ይህ ችግር ሌላም ሥር ነበረው፤ የቀለም ማተሚያ ቤቶች ማስተካከያ የሚያደርጉበት «ሸርሊ» የሚባለው ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበርና ነጩ ፊት ሲስተካከል ጥቁሩ ፊት እንደ ሆነ ይሁን ይባል ነበር። የዛሬው ሴንሰር ይህ በደል የለበትም። መለኪያውን የሚያዝዘው ሰው ግን እስካሁን ማሰብ አለበት።

መፍትሔው የሚጀምረው ከእጅ መዳፍ ነው። የሰዎች መዳፍ የፊታቸውን ቀለም ያህል አይለያይም፤ አብዛኛው መዳፍ መለኪያው ከሚገምተው ግራጫ በአንድ ደረጃ ያህል የፈካ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው የራሱን መዳፍ ሰውየው በተቀመጠበት ብርሃን ይዘረጋል፣ በነጥብ መለኪያ ይለካዋል፣ ከዚያም አንድ ደረጃ ይጨምራል። በዚህ መጠን ነጠላውም አይቃጠልም፣ ፊቱም አይጠቍርም፤ ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱም በአንድ ብርሃን ውስጥ ሲሆኑ ነው። ምስሉም በጥሬ ፋይል መቀመጥ አለበት። የማስታወሻ ካርድ ዋጋ በረከሰበት በዚህ ዘመን በጄፔግ ብቻ ማንሣት የማይገባ ቍጠባ ነው።

ፊትና ነጠላ በአንድ ብርሃን ውስጥ የማይሆኑበት ጊዜ በአገራችን ብዙ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ታልፋለች፤ በቀሩትም ወራት ከአናት ብዙ አትርቅም። ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የዓይን ጕድጓድ ሁሉ በጥላ ይሞላል። ጧትና ማታ ደግሞ ሰው ፀሐይ ዓይኑን እንዳትወጋው ጀርባውን ይሰጣታል። ፍላሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለሌሊት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው።

በመሠረቱ የፍላሽ ታሪክ የመሐንዲሶች ታሪክ ነው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመኖቹ ሚተና ጌዲከ ያቀረቡት የማግኒዥየም ዱቄት ነበረ፤ ጭስና ቃጠሎ የበዛበት ነገር ነበር። በ1929 የሚቃጠል አምፖል መጣ፤ አንዱ አምፖል አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ዛሬ በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ የመጣው ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን ከ1931 ጀምሮ የሞተሮችን መሽከርከር ለማጥናት ብሎ ከሠራው ስትሮቦስኮፕ ነው። የማሽን መመርመሪያ የሰው ፊት ማብሪያ ሆነ።

አሠራሩ ለአባላት አዲስ አይሆንም። የባትሪው አነስተኛ ቮልቴጅ ወደ 330 ቮልት ያህል ከፍ ይልና ካፓሲተር ይሞላል፤ ካፓሲተሩ በዜኖን ጋዝ በተሞላ ቧንቧ ውስጥ ይለቀቃል። ካፓሲተሩ 1,000 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን የሚይዘው ጉልበት 54 ጁል ገደማ ነው። ይህ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ሲለቀቅ 54 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ማለትም እያንዳንዱ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ 15 የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መለኰስ ያለ ነው። (የተበላሸን ፍላሽ በገዛ እጅ የመክፈት ልማድ ላላቸው አባላት ይህ ቁጥር በቂ ማስጠንቀቂያ ይሁን፤ ባትሪው ከወጣም በኋላ ካፓሲተሩ ሰው ሊጐዳ ይችላል።)

የፍላሽ ጉልበት በሱቅ የሚነገረው በመሪ ቁጥር ነው። መሪ ቁጥር በአይ ኤስ ኦ 100 ላይ የርቀቱ በሜትርና የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ብዜት ነው። መሪ ቁጥሩ 28 የሆነ ፍላሽ በኤፍ 4 እስከ 7 ሜትር፣ በኤፍ 5.6 እስከ 5 ሜትር ያበራል። ገዢ ግን መጠንቀቅ አለበት፤ አምራቾች ቁጥሩን የሚሰጡት የፍላሹ ራስ ብርሃኑን ለረጅም ሌንስ ጨምድዶ ሲልክ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የካኖን 600 ኢኤክስ-አርቲ 60 የሚባለው በ200 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን፣ የኒኮን ኤስቢ-700 28 የሚባለው ደግሞ በ35 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የማይመሳሰሉ ነገሮችን ማወዳደር ነው።

ይህ ትንሽ ፍላሽ በእኩለ ቀን ፀሐይ ፊት ምን ያህል ይችላል? በጠራ ፀሐይ፣ በአይ ኤስ ኦ 100፣ መዝጊያው ከፍላሽ ጋር ሊስማማበት በሚችለው በሰከንድ 200ኛ ላይ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ኤፍ 11 ነው። 28ን ለ11 ሲያካፍሉት 2.5 ሜትር ይመጣል። ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ፣ ያለ ምንም ማለስለሻ፣ ከፀሐይ ጋር እኩል የሚሆነው በዚያ ርቀት ብቻ ነው። ብርሃኑ እንዲለሰልስ አንድ ክንድ አቡጀዲ ፊቱ ላይ ቢዘረጋ ከብርሃኑ ሩብ ያህሉ ብቻ ያልፋል እንበል፤ መሪ ቁጥሩ ወደ 14 ይወርዳል፣ ርቀቱም ወደ 1.3 ሜትር ያጥራል። ካሜራው ከ200ኛ በላይ በፈጠነ መዝጊያ ፍላሽ እንዲበራ የሚያደርግ ዘዴ ቢኖረውም ዘዴው ከፍላሹ ኃይል አብዛኛውን ይበላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚደርሱበት መደምደሚያ ትልቅ ፍላሽ መግዛት ነው።

ሰውየውን ወደ ጥላ ማምጣት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በቤት ጥላ ወይም በዋርካ ሥር ብርሃኑ ከፀሐዩ ቢያንስ በስምንት እጥፍ ያንሳል፤ ኤፍ 4 ይበቃል። አቡጀዲ የተዘረጋበት ያው ትንሽ ፍላሽ በሩብ ኃይሉ ብቻ ከ1.75 ሜትር ርቀት እኩል ያበራል፤ ለሙላት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ኃይል ይሠራል። በሩብ ኃይል የሚሠራ ፍላሽ በአንድ ሙሌት አራት እጥፍ ጊዜ ያበራል፤ ቶሎም ይሞላል። የእማማን በርጩማ ሁለት ክንድ ወደ ጣሪያው ክዳን ጥላ መሳብ ከትልቅ ፍላሽ በላይ ነበረ።

ፍላሹ ከካሜራው አናት ላይ መውረድ አለበት። ከሌንሱ አጠገብ ሲበራ ዓይን ይቀላል፤ ፊት እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ላብ ያለበት ግንባር ይብለጨለጫል። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ በ1.5 ሜትር ላይ ያለው ሰው ሲያንጸባርቅ በ3 ሜትር ላይ ያለው ጎረቤቱ ሩቡን ብቻ ያገኛል። አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን፣ ከራስ ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲያዝ ግን የጉንጭ አጥንትና የግንባር መስመር ይወጣል፤ ጠይም ፊት በተለይ በዚህ ያማረ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አጭር የፍላሽ ገመድ ወይም በራዲዮ የሚያዝ ትንሽ ማስነሻ ነው። በብልጭታ የሚግባባው ዓይነት በፀሐይ ሜዳ ስለማይተማመኑበት የራዲዮው ይመረጣል። ፍላሹን የሚይዘውም በዚያ የቆመ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሥራ ለልጆች ትልቅ ክብር ነው። አቡጀዲው ደግሞ ሲታጠፍ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ፍላሽ ባይኖር እንኳ በፀሐይ ተዘርግቶ ወደ ፊት ብርሃን ይመልሳል።

ማታ በቤት ውስጥ ሌላ ነገር ይታሰባል። የፍላሽ ብርሃን ከቀን ብርሃን ጋር የሚመሳሰል ሲሆን የኩራዝና የጧፍ ብርሃን ግን እጅግ ቀይ ነው። ያለ ማጣሪያ ፍላሽ ሲበራ ቤቱ ቀይ፣ ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። ብርቱካንማ ፕላስቲክ ማጣሪያ በፍላሹ ፊት በላስቲክ ማሰር ይህን ያስተካክላል፤ ክብደቱ የለም ማለት ይቻላል።

ስለ ባትሪ ድንጋይ ጥቂት መናገር ይገባል፤ የወሎው ጉዳይ ግማሹ ከእርሱ ነበርና። ተራው አልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን ደጋግሞ የሚሞላው የኒኬል ድንጋይ 1.2 ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ሁለተኛውን ደካማ አድርገው ይገምቱታል። ግን የውስጥ ተቃውሞው አነስተኛ ስለሆነ ፍላሽ የሚጠይቀውን ትልቅ ፍሰት ሳይወድቅ ይሰጣል፤ ፍላሹም በፍጥነት ይሞላል። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዙ አራት ድንጋዮች 9.6 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። አንድ ሙሉ ብልጭታ ከባትሪው 80 ጁል ያህል የሚወስድ ከሆነ በስሌት ከ400 በላይ ይሆናል፤ በተግባር ይህ ቁጥር ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። በመደርደሪያ ሳሉ ሙሌታቸውን የማይጥሉትን ዓይነት መግዛት፣ ሁለተኛ አራት መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንጋዮቹን ከፍላሹ ውስጥ አውጥቶ በተለየ ከረጢት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የተቀላቀለ ድንጋይ ሁልጊዜ ያለቀው ይወጣል።

ስለ አቧራና ዝናብ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ሌንስ ክዳን፣ አንድ ለስላሳ ጨርቅ፣ አንድ የአየር መንፊያ፣ ለክረምትም የሲሊካ ጄል ከረጢት ይበቃል። በክረምት እርጥበት በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ አባልም ይህንኑ አስቀድሞ ይመርምር፤ ሌንሱን ከኋላ በባትሪ መብራት አብርቶ ከፊት ሲመለከት የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየ አይግዛ። የቀዳዳው ስንጥቆች ዘይት ካለባቸውም እንዲሁ።

የወሎው መሐንዲስ ወደዚያው መንደር ሁለተኛ በተመለሰ ጊዜ የያዘው አንድ ካሜራ፣ ከ24 እስከ 70 የሚለጠጥ ሌንስ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትንሽ ፍላሽ ከራዲዮ ማስነሻው ጋር፣ ስምንት የባትሪ ድንጋይና አንድ ክንድ ተኩል አቡጀዲ ነበር። ሁሉም በአንድ ትከሻ ይንጠለጠላል። ከዚህ በተጨማሪ መዳፍ የምታህል የኢንስታክስ ማተሚያ ይዞ ነበር፤ 62 በ46 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል ወዲያው ታወጣለች። ይህች ለመንገደኛ አስፈላጊ ናት፤ «እልክላችኋለሁ» የሚባል ፎቶግራፍ የማይደርስበት ምክንያት ብዙ ነውና። የሟቿን ልጅ ከነሚስቱና ከነልጆቹ በበራፉ ጥላ ሥር አስቀመጠ፤ የጎረቤት ልጅ አቡጀዲውን ያዘ። ምስሉ ሲደርቅ ባለቤቱ ወደ ቤት ይዞት ገባና ከምሰሶው አጠገብ ካለች ምስማር ሥር አስቀመጠው። በምስማሯ ላይ አልሰቀለውም። «እርሷ የእናቴ ናት» አለ።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ ያችኑ ጥቁር ምስል በሚችለው መጠን አፍክቶ፣ በትልቁ አትሞ ላከላቸው። ፊታቸው አይለይም። ቤተ ሰቡ ግን በነጠላቸው ጥለትና በአቀማመጣቸው እርሳቸው መሆናቸውን ስላወቁ ሰቅለውታል።

በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ሁለቱ ሌንሶች፣ ፍላሹና አቡጀዲው፣ ከአንድ የወጥ ቤት ሚዛን ጋር በአዳራሹ መግቢያ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ የፈለገ አባል በዕረፍቱ ሰዓት አንሥቶ ሊመዝናቸው ይችላል።